ስለ ጨረታና ስለ ማድላት

የሕዝብ ገንዘብ ባለቤቱ ብዙ፣ ተቆርቋሪው ግን ጥቂት ነው። ለቤቱ አንድ በርሜል ሲገዛ ሦስት ሱቅ ዞሮ፣ ዋጋ አከራክሮ፣ ዕቃውን ገልብጦ አይቶ የሚገዛ ሰው፣ የወረዳውን ገንዘብ ሲያወጣ ዐይኑን ጨፍኖ ሲፈርም ይታያል። መንግሥታት የሕዝብን ገንዘብ አወጣጥ በሕግ ያጠሩት፣ ሻጭና ሠሪም በአደባባይ በጨረታ እንዲወዳደር ያዘዙት ይህን የሰው ጠባይ ስለሚያውቁ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ስለ ጉቦ አልናገርም። ጉቦ ክፉ መሆኑን ተቀባዩም ያውቀዋልና በጨለማ ይቀበለዋል። ልተቸው የተነሣሁት በብርሃን የሚደረገውን፣ አድራጊውም ሳያፍር፣ ምናልባትም ደግነት ነው ብሎ የሚያደርገውን ማድላት ነው።

ማድላት ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚታየው ጥላቻ ነው። አንዱን በነገዱ፣ ሌላውን በሃይማኖቱ፣ ሌላውንም በሙያው ንቆ ከደጅ መመለስ በእውነት ማድላት ነው። ዳሩ ግን እኔ በማውቃቸው በምዕራቡ የደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከወረኢሉ እስከ መካነ ሰላም ባሉት ከተሞች፣ የወረዳን ግዥ የሚያጣምመው ጥላቻ ብቻ አይደለም። ከጥላቻ ይልቅ ፍቅር ያጣምመዋል፤ የሥጋ ዝምድና፣ አማችነት፣ አበልጅነት፣ አብሮ አደግነት፣ የአንድ ቀበሌ ልጅነት። ሕጎቻችን የጥላቻውን በር በሚገባ ዘግተዋል፤ የፍቅሩን መስኮት ግን እንደዚያ አልዘጉትም።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመጀመሪያው ልነሣ። የጨረታ መጀመሪያው ጥሪ ነው። ስለ ጥሪ ደግሞ ወረኢሉ ራሷ የምታስተምረው ነገር አላት። በ1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የዐድዋን ዘመቻ ሲያውጁ፣ ጦሩ በጥቅምት ወር እንዲከትባት የተቀጠረባት ከተማ ወረኢሉ ነበረች። ያ አዋጅ ለአንዱ በጆሮው ሹክ ተብሎ ከሌላው አልተሸሸገም፤ ቦታውና ጊዜው ለሁሉ አንድ ሆኖ በነጋሪት ተነገረ እንጂ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ነጋሪት ተብሎ መሰየሙ፣ ያልተሰማ ሕግ እንዳልታወጀ የሚቆጠር በመሆኑ ይመስለኛል። ጨረታም እንደዚሁ ነው፤ የጨረታ የመጀመሪያው ፍትሕ መሰማት ነው። የክልላችን የጨረታ ማስታወቂያዎች ባሕር ዳር በሚታተመው በበኵር ጋዜጣ ይወጣሉ፤ በየመሥሪያ ቤቱም ግድግዳ ይለጠፋሉ። ነገር ግን ጋዜጣው ከከተማ ርቆ ድንጋይ ለሚጠርብ ሰው አይደርሰውም፤ ወረቀቱም ከኀላፊው ቢሮ ውስጠኛ በር ላይ ሲለጠፍ ለእንግዳ አይታይም። በሕግ የተባለው ቀን አንድም ሳይጎድል፣ የሚገባው ሰው እንዳይሰማ ማድረግ ይቻላል።

ስለ ጥላቻው ማድላት ሕጋችን ያደረገውን መልካም ነገር መካድ አይገባም። በደጋው አገር ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ሲናቁ ኖረዋል። ሰው ማረሻውን ከቀጥቃጩ እጅ ተቀብሎ እያረሰበት፣ ሰውየውን ግን ቡዳ ብሎ ከልጆቹ ያርቀው ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ጸሐፊውን ጠንቋይ እያሉ መስደብን ከለከሉ። የሁሉም አባት አዳም፣ እናቱም ሔዋን መሆናቸውን አስታውሰው፣ ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደ ሰደበ ነው ብለው በእስራት እንዲቀጣ አዘዙ። ይህ አዋጅ ስለ ጨረታ አንድም ቃል የለበትም፤ ቢሆንም ሥራው በሠሪው ዘር ሳይሆን በሥራው ይመዘን የሚለው አሳብ ከዚያ ጀምሮ በሕጋችን ውስጥ ይገኛል።

ከዚያ ወዲህም ሕጉ እየሰፋ መጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ውል ለብቻው ሲደነግግ ስለ ጨረታም ደነገገ። የፌዴራሉ መንግሥት የግዥን ሥርዐት በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 430፣ በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 649፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1333 እያሻሻለ አወጣ፤ ክልሎችም በየራሳቸው ሕግ ይመራሉ። የ2001ዱ አዋጅ ተወዳዳሪን በዜግነቱ፣ በዘሩ፣ ወይም ከችሎታው ጋር ግንኙነት በሌለው በሌላ ምክንያት መለየትን ይከለክል ነበር። ቃሉ መልካም ነው፤ እኔም አመሰግነዋለሁ። ትችቴ ግን ይህ ነው። ሕጉ ዐይኑን አጥብቆ የጣለው ፖስታው በሚከፈትበት ሰዓት ላይ ነው። ሳጥኑ ታሽጓል ወይ፣ ተጫራቾቹ ቀርበዋል ወይ፣ ዋጋው በንባብ ተሰምቷል ወይ እያለ ይጠይቃል። ማድላቱ ግን የሚፈጸመው ሳጥኑ ከመቀመጡ በፊት መመዘኛው ሲጻፍ፣ ካሸነፉም በኋላ ክፍያ ሲፈጸም ነው። ለዘመድ በሳምንት የሚወጣ ክፍያ ለባዳ መንፈቅ ቢዘገይ፣ ባዳው በሚቀጥለው ዓመት አይጫረትም። በመዝገቡ ላይ ግን ማንም አልተከለከለም።

ለዚህ ምስክር የሚሆነኝን አንድ ነገር ልንገር። በማስተምርበት ዘመን፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ወረዳ፣ ለትምህርት ቤቶች የተማሪ መቀመጫ ለማሠራት ጨረታ ወጣ። በከተማው ሁለት አናጢዎች ነበሩ፤ የከተማውን በርና መስኮት፣ አልጋና ወንበር ያበጁ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ማስታወቂያው ግን ተጫራቹ ከመንግሥት ጋር አምስት ዓመት ውል የሠራ፣ ለጨረታ ማስከበሪያ በባንክ የተመሰከረ ሲፒኦ የሚያስይዝ፣ የራሱም የጭነት መኪና ያለው ይሁን ይላል። ከመንግሥት ጋር ውል ያልሠራ ሰው ውል የሠራ ካልሆነ ውል አይሰጠውም ማለት፣ ዋና ሳትችል ውሃ አትግባ እንደ ማለት ነው። መኪናውስ ለምን? አናጢዎቹ ከትምህርት ቤቱ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ርቀው ነበር የሚሠሩት። ጨረታውን መጋዝ ይዞ የማያውቅ አንድ ነጋዴ አሸነፈ። አሸንፎም ሥራውን መልሶ ለእነዚያው ለሁለቱ አናጢዎች፣ ወረዳው ከሚከፍለው ከግማሽ ባነሰ ዋጋ ሰጣቸው። ዋጋው ስላልበቃ መቀመጫው ካልደረቀ ባሕር ዛፍ ተሠራ፤ በዓመቱም ተጣመመ፣ ተሰነጠቀ። ልጆቹ እንደገና ድንጋይ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ከሁለቱ አናጢዎች አንደኛው መሣሪያውን ሸጦ እንደ ብዙዎቹ የወሎ ወጣቶች ወደ ዐረብ አገር ተሰደደ።

ከገዥ ኮሚቴው አባላት አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ ነበረና ነገሩን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እኔኮ ማንንም አልበደልሁም፤ የሚስቴን ወንድም ጠቀምሁ እንጂ» አለኝ። ይህን ሲናገር አልዋሸም። አናጢውን አይጠላውም፤ በአንድ እድር ናቸው፤ አናጢው እናቱ በሞተችበት ጊዜ ሦስት ቀን ከድንኳን ሳይለይ አስተዛዝኖታል። የበደሉ ስውርነት እዚህ ላይ ነው። የወረዳ ገንዘብ እንደ አባይ ውሃ ሲፈስ የሚኖር አይደለም፤ በልክ የተሰፈረ ነው። በልክ ከተሰፈረ ነገር ላይ ለአንዱ ያላግባብ መስጠት ከሌላው ያላግባብ መውሰድ ነው። ልጄ የዘመዱን ፊት ስላየ የሰጠው ይታየዋል፤ የወሰደበትን ሰው ፊት ግን በዚያች ሰዓት አላየውም።

ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። በሐዘንና በደስታ፣ በአዝመራና በሰርግ ተረቱ እውነት ነው፤ ያለዚያ ፍቅር ወሎ ወሎ አትባልም ነበር። በሕዝብ ገንዘብ ላይ ሲነገር ግን ተረቱ ይበላሻል፤ አመዱ የአህያይቱ አይደለምና። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ደግሞ ከቶ ተረት ተብሎ ለልጅ ሊነገር አይገባም። በአገራችን በአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው ይኖራሉና ሁለቱም መጻሕፍት በዚህ ነገር መስማማታቸውን ማስታወስ መልካም ነው። የሙሴ ሕግ በፍርድ ጊዜ ለባለጠጋው ፊት ማድላትን ብቻ ሳይሆን፣ ለድሃው ሲባል ማድላትንም አንድ ላይ ይከለክላል። ቁርኣንም በራስ፣ በወላጅና በዘመድ ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ መቆምን ያዛል። ሁለቱም የፈሩት ጥላቻን ብቻ አይደለም፤ የሚወዱትን ሰው በሚዛን ላይ ማስቀመጥ እንዴት እንደሚያስቸግር ያውቃሉ።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አንድ መምህር ፈተና ሲሰጠን በወረቀታችን ላይ በስማችን ፈንታ ቁጥር ያጽፈን ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ የሚጠሉት ተማሪ አለን ብሎ ቢጠይቀው፣ የምጠላው የለም፤ የምወዳቸው ግን አሉና ስማቸውን ባላይ ይሻላል ብሎ መለሰ። መምህር ሆኜ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ይህን ልማድ ይዤ ኖርሁ። የገዥ ኮሚቴም እንዲህ ያለ ልማድ ያስፈልገዋል።

የልማዱ መጥፋት ይበልጥ የሚታየው በትንንሽ ግዥ ላይ ነው። ለአነስተኛ ዕቃ ከሦስት ነጋዴ ዋጋ ማቅረቢያ፣ እኛ ፕሮፎርማ የምንለው፣ እንዲሰበሰብ ሥርዐቱ ያዛል። ሦስት መባሉ ውድድር እንዲኖር ነው። ነገር ግን አንዱ ወዳጅ ነጋዴ የራሱን ዋጋ ይጽፋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሁለት ዋጋ ደግሞ በጎረቤቶቹ ማኅተም አስመትቶ ሦስቱንም ወረቀት ራሱ ይዞ ይመጣል። በመዝገቡ ውስጥ ሦስት ማኅተም አለ፤ ውድድር ግን የለም። ኦዲተር ሲመጣ ወረቀቱ ሙሉ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። እንግዲያውስ የአገሩ ልጅ አይረዳ ማለትህ ነውን? አባይ በአጠገቡ እያለፈ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ የወረኢሉ ግንበኛ የወረኢሉን ጤና ጣቢያ ሌላ ሲገነባው ቆሞ ይይ? ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ መልሴም አይደለም ነው። ሕጋችን ራሱ ድጋፍን ይፈቅዳል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥ መመሪያ በአገር ውስጥ ለተመረተ መድኀኒት 25 በመቶ፣ ለሌላ ዕቃ 15 በመቶ፣ ለአገር ውስጥ ሥራ ተቋራጮች 7.5 በመቶ የዋጋ ልዩነት እንዲታሰብላቸው አዘዘ። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶችም በየከተማው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ሥራ ሲሰጣቸው አይተናል፤ ብዙ ቤትም በዚያ ቀለብ አግኝቷል። ይህ ማድላት አይደለም። በድጋፍና በማድላት መካከል ያለው ልዩነት ግን ምንድር ነው?

እኔ የማውቀው መለያ አንድ ነው፤ ለተሸናፊው ፊት ለፊት ሊነገር መቻሉ ነው። ድጋፍ አስቀድሞ የተጻፈ፣ መጠኑ የታወቀ፣ በዚያ ሁኔታ ላለ ሰው ሁሉ የተከፈተ ነው። ተሸናፊውን ጠርቶ «ዋጋህ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን በማስታወቂያው እንደ ተጻፈው ለወጣቶች ማኅበር ይህን ያህል በመቶ ስለሚታሰብ በዚህ ያህል በለጡህ» ማለት ይቻላል። ተሸናፊው ያዝን ይሆናል እንጂ አይዋረድም። «የሚስቴ ወንድም ስለሆነ ነው» ብሎ ለአናጢው መንገር ግን የሚችል ሰው የለም። ሊነገር የማይችል ምክንያት፣ ምንም ያህል ከፍቅር ቢወለድ፣ ማድላት ነው።

ሌላው ዓለምም በዚህ ነገር ተቸግሯል። በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት ያለችው የሪችመንድ ከተማ ምክር ቤት በ1983 እ.ኤ.አ. ከከተማው የግንባታ ሥራ የሚወስድ ዋና ተቋራጭ ሁሉ ከውሉ ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶውን ለጥቁሮችና ለሌሎች አናሳ ወገኖች ድርጅቶች እንዲያካፍል ወሰነ። ከነዋሪው እኩሌታ ያህሉ ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ከዋናው ውል ለአናሳዎቹ ድርጅቶች የደረሳቸው ከመቶ 0.67 ብቻ ነበርና። ክሮሰን የሚባል ድርጅት ከሰሰ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በስድስት ለሦስት ድምፅ የከተማውን ውሳኔ ሻረው። ምክንያቱም ከተማው በራሱ የግንባታ ሥራ ውስጥ የተፈጸመውን በደል ለይቶ አላስረዳም፣ በሪችመንድ መበደላቸው ያልታየ ወገኖችንም በጅምላ ጨምሯል የሚል ነበር። ዳኛ ቱርጉድ ማርሻል ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ፍርዱን አጥብቀው ተቃወሙ።

ከሁለቱ ማን ልክ እንደ ሆነ መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም። እኔን የሚያስቀናኝ ክርክሩ ነው። ከተማው ለማን እንደሚያደላ፣ ለምን እንደሚያደላ፣ ምን ያህል እንደሚያደላ በግልጥ ጻፈ፤ የተጎዳ የመሰለውም እስከ መጨረሻው ዳኛ ሄዶ ተከራከረበት። በእኛ ከተማ ግን የሚከራከሩበት ቁጥር እንኳ የለም። አናጢው ምን ብሎ ይከሰስ? ለአማች የተጨመረው በመቶኛ በማንኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም።

ነገሩ የትንሽ ወረዳ ብቻ ነው የሚል ካለም፣ በአገር ደረጃ የሆነውን ያስታውስ። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ የአገር ልጅ ነው እየተባለ የስኳር ፋብሪካዎችና የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሥራ ያለ ውድድር ተሰጠው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ኮርፖሬሽኑ ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም. 37 ቢሊዮን ብር ያህል የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ለሕዝብ ገለጠ። የስኳሩ ሥራ ተጓተተ፤ የግድቡም ሥራ በ2010 ዓ.ም. ከእጁ ተወሰደ። አገርን መውደድ እጅግ የከበረ ነገር ነው፤ ያለ ሚዛን ሲሰጥ ግን የሚስትን ወንድም ከመውደድ የተለየ ሥራ አልሠራም። የተወደደው ተጎዳ፤ ወዳጁም ከሰረ።

ይህ ሚዛን ዛሬ ለወሎ ይበልጥ ያስፈልጋታል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ ብዙውን የደቡብ ወሎ ወረዳ ሲያዳርስ፣ ትምህርት ቤቶችና የሕክምና ቤቶች ተዘረፉ፣ ፈረሱ። የፈረሰን ለመጠገን ጊዜ ስለማይሰጥ ሕጉ በአስቸኳይ ጉዳይ ያለ ጨረታ በቀጥታ መግዛትን ይፈቅዳል፤ መፍቀዱም ተገቢ ነው። ነገር ግን አስቸኳይ የሚለው ቃል በቶሎ ይለመዳል። ችግሩ ካለፈ በኋላም ቃሉ ይቀራል። ስለዚህ ያለ ጨረታ የተገዛ ዕቃ ሁሉ፣ ከማን በስንት ዋጋና ለምን እንደ ተገዛ ከግዥው በኋላ በገበያ ቀን ለሕዝብ ቢነበብ፣ አስቸኳይነቱ እውነት መሆኑን ገበያው ራሱ ይመሰክራል።

ስለ አቤቱታም አንድ ቃል ልጨምር። በ2001ዱ የፌዴራል አዋጅ መሠረት የተከፋ ተጫራች አስቀድሞ የሚያመለክተው ለዚያው ለገዛው መሥሪያ ቤት የበላይ ኀላፊ ነበር፤ ከዚያ ካልረካ ወደ አጣሪው ቦርድ ይሄድ ነበር። በትልቅ ከተማ ይህ መንገድ ያስኬድ ይሆናል። በትንሽ ከተማ ግን ኀላፊው ነገም ገዥ ነው፤ የመሬቱም፣ የፈቃዱም፣ የግብሩም ነገር በእርሱና በወዳጆቹ እጅ ነው። ስለዚህ ተሸናፊው ዝም ይላል፤ ዝምታውም ፍትሕ እንደ ተደረገ ተቆጥሮ በመዝገብ ይገባል። የሕጉ ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል፤ የማመልከትን ሸክም በተሸናፊው ላይ ጫነ። ሸክሙ መዞር አለበት። ተሸናፊው ሳይጠይቅ፣ ኮሚቴው ራሱ ለምን እንደ ተሸነፈ ጽፎ በአደባባይ ሊያነብለት ይገባል።

ይህን ለማድረግ አዲስ ገንዘብም አዲስ መሥሪያ ቤትም አያስፈልግም። መመዘኛውን የሚጽፍ ሰው በእያንዳንዱ መስመር ፊት «ይህ ለሥራው ያስፈልጋልን፣ ወይስ ለአንድ ሰው ይመቻል?» ብሎ ይጠይቅ። ዘመዱ የተጫረተበት የኮሚቴ አባል ከወንበሩ ይነሣ፤ መነሣቱም እንደ ክብር ይቆጠርለት። ነጋዴውም ወዳጁ የሾመለትን ዕድል ሲቀበል፣ ያ ወዳጅ በተሻረ ማግሥት እርሱ ራሱ ከደጅ የሚመለስ ባዳ እንደሚሆን ያስብ። በማድላት የተገኘ እንጀራ ከሹሙ ዕድሜ አያልፍም።

ለቀድሞ ተማሪዬና ለባልደረቦቹ የምለው ይህ ነው። ዘመዳችሁን አትጥሉ፤ ከራሳችሁ ደመወዝ እርዱት፣ ከራሳችሁ ጎተራ ስፈሩለት፣ ያ የተመሰገነ ነው። የወረዳውን ሚዛን ስትይዙ ግን አናጢው ፊት ለፊታችሁ እንደ ቆመ አድርጋችሁ ያዙ። ለእርሱ ልትነግሩት የምትችሉትን ምክንያት ጻፉ፤ ልትነግሩት ያልቻላችሁትን ከሚዛኑ አውርዱ።